ልብ ወለድ ሲያነቡ ሐሳብዎ እንዳይበተን፦ ደረጃ በደረጃ

በቤተ መጻሕፍት የውሰት ክፍል ስለምሠራ፣ መጽሐፍ ሲመለስ አንባቢው የሚለውን እሰማለሁ። ሳይጨረስ የሚመለስ ልብ ወለድ ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ «ዓይኔ ገጹን ይጨርሳል፣ ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ምን ላድርግ?» ይህን የሚሉት ንባብ ያልለመዱ ሰዎች ብቻ አይደሉም። ለፈተና ሌሊቱን የሚያጠኑ ተማሪዎችና በመሥሪያ ቤታቸው ረጅም ሰነድ የሚመረምሩ ሰዎችም ልብ ወለድ ላይ ሲደርሱ ይቸገራሉ። ለእያንዳንዱ ሰው በቃል የምደግመውን መልስ እነሆ በጽሑፍ።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይያዙ። ዜና ዋናውን ጉዳይ ከመነሻው ይነግራል፤ መካከሉን ቢዘሉ እንኳ ብዙ አይጎድልብዎትም። ልብ ወለድ ግን ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ በልብ መያዝን ይጠይቃል፦ ማን ነው ያለው? የት ነው ያለው? ምን ይፈልጋል? ከሦስቱ አንዱ ሲጠፋ የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ትርጉም ያጣል። ትርጉም ሲያጣ ደግሞ አእምሮ የራሱን ጉዳይ ያነሣል፤ የቤት ኪራዩን፣ የነገውን ቀጠሮ፣ ትናንት የተባለውን ነገር። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች እነዚህን ሦስት ነገሮች ለመያዝ፣ ሲጠፉም መልሶ ለማግኘት የሚያገለግሉ ናቸው። ራስን መቆጣት ከደረጃዎቹ ውስጥ የለም፤ አይሠራም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• መጽሐፉ፣ ቢቻል የታተመ። በስልክ የሚያነቡ ከሆነ ለብቻው ያስቀመጥኩትን ክፍል ይመልከቱ።
• እርሳስ። መጽሐፉ የውሰት ከሆነ በላዩ ላይ አይጻፍም፤ በምትኩ ጠባብ የወረቀት ቁራጮች ያዘጋጁ።
• በቁመቱ የታጠፈ ግማሽ ወረቀት። ዕልባትም፣ ማስታወሻም ይሆናል።
• ስልክ ያልሆነ ሰዓት፦ የእጅ፣ የጠረጴዛ ወይም የግድግዳ።
• ከኋላ ወይም ከጎን የሚመጣ ብርሃን። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ መብራት ይያዙ። የስልክ መብራት ስልኩን መልሶ እጅዎ ላይ ስለሚያስቀምጠው ለዚህ ሥራ አይመከርም።
• መነጽር ታዝዞልዎት ከሆነ መነጽሩ።

1. መጽሐፉን በአንድ ገጽ ይፈትኑት

ከመካከሉ አንድ ገጽ ይክፈቱና ያንብቡ። የማያውቁት ቃል ባጋጠመዎት ቁጥር አንድ ጣት ይጠፉ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣቶች ከታጠፉ መጽሐፉን ለጊዜው አቆይተው ቀለል ያለ ይምረጡ። ቃል ለመፍታት የሚወጣው ጉልበት የሚቀነሰው ታሪኩን ለመያዝ ከሚያስፈልገው ጉልበት ላይ ነው፤ ሁለቱ አብረው ሲከብዱ የሚወድቀው ታሪኩ ነው።

ውጭ አገር አድገው ፊደሉን በኋላ የተማሩ ከሆነ፣ ፊደል መለየቱ ራሱ ሥራ ስለሆነ በአጭር ልብ ወለድ ይጀምሩ። በአንድ መቀመጫ የሚያልቅ ታሪክ ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው የሚሻገር ማስታወስ አይጠይቅም።

2. ስልኩን ከክፍሉ ያውጡ

ድምፁን አጥፍቶ በግንባሩ መድፋት አይበቃም። ስልኩ አጠገብዎ እስካለ ድረስ አለማንሳቱ ራሱ ትኩረት ይበላል፤ አንድ ዓይንዎ መጽሐፉ ላይ፣ አንዱ እሱ ላይ ይሆናል። ወደ ሌላ ክፍል ይውሰዱት። የሚጠብቁት ጥሪ ካለ የጥሪውን ድምፅ ከፍ፣ የመልእክቱን ዝግ አድርገው እዚያው ያስቀምጡት። አስፈላጊ የሆነ ሰው ይደውላል፤ እርስዎም ይሰማሉ።

ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ፣ ቴሌቪዥኑም የማይዘጋ ከሆነ፣ ቦታ ከመፈለግ ይልቅ ሰዓት ይፈልጉ። ሌላው ሳይነሣ በማለዳ የሚገኘው ሩብ ሰዓት ከማታው አንድ ሰዓት ይበልጣል። ድምፅን በድምፅ መሸፈን ካስፈለገም ዘፈን የሌለበት የክራር ወይም የማሲንቆ ዜማ ይሁን። የሚያውቁት ቋንቋ በጆሮ ሲገባ በዓይን ከሚገባው ቃል ጋር ይጋፋል፤ በዜማ ብቻ ግን ይህ ግጭት የለም።

3. ጊዜውን አጭር አድርገው ይወስኑ

በ15 ደቂቃ ይጀምሩ። ሰዓቱን ይመልከቱና የሚያቆሙበትን ይወቁ። መጨረሻው የማይታወቅ ንባብ ላይ አእምሮ ቶሎ ቶሎ «ስንት ቀረ?» እያለ ይጠይቃል፤ ይህም ከታሪኩ ያወጣል። ለሦስት ተከታታይ ቀናት 15 ደቂቃው በደህና ካለፈ ወደ 20፣ ከዚያ ወደ 30 ያሳድጉት። በገጽ ብዛት አይለኩ፤ ገጽ የሚቆጥር አንባቢ ይሮጣል።

4. መጽሐፉን ሳይከፍቱ ያለፈውን ይናገሩ

መጽሐፉ ተዘግቶ እጅዎ ላይ እያለ ለራስዎ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገሩ፦ ባለፈው ማንን የት ተውነው? ምን ሊሆን ነበር? ከዚያ ይክፈቱና ካቆሙበት ወደ ኋላ ግማሽ ገጽ ተመልሰው ይጀምሩ።

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ሐሳብ የሚበተነው ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ከቢሮ፣ ከታክሲ ወረፋ ወይም ከኩሽና በቀጥታ ወደ ታሪኩ ሲገቡ አእምሮ ገና ከነበረበት አልወጣም። አስቀድሞ መተረኩ ያወጣዋል። ምንም ካላስታወሱ ያለፈውን ምዕራፍ የመጨረሻ ሁለት ገጾች ያንብቡ፤ ሙሉውን አይድገሙ።

5. የሰዎቹን ዝርዝር በዕልባቱ ላይ ይያዙ

ሁለት ጊዜ የታየን ሰው ሁሉ በወረቀቱ አንድ ገጽታ ላይ ይጻፉ፤ ስሙን፣ የማን ምን እንደሆነና የሚፈልገውን ነገር በሦስትና በአራት ቃላት። አንዴ ብቅ ብሎ የጠፋውን ይተዉት።

በአማርኛ ልብ ወለድ ይህ ደረጃ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም አንድ ሰው በብዙ መጠሪያ ይመጣል። ተራኪው በስሙ፣ ሎሌው በማዕረጉ፣ ልጁ «አባባ» ብሎ፣ መንደሩ ደግሞ በቅጽል ስም ይጠራዋል። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጉዱ ካሣና ካሣ ዳምጤ አንድ ሰው ናቸው፤ ይህን ያልያዘ አንባቢ ያልነበረ ሰው ሲፈልግ ገጽ ይገለብጣል። ስለዚህ መጠሪያዎቹን ሁሉ በአንድ መስመር ያሰልፏቸው።

የአባት ስምንም ይጠቀሙበት። ሁለት ሰዎች በአንድ የአባት ስም ከተጠሩ ወንድማማች ወይም እኅትማማች ሊሆኑ ይችላሉ። ባልና ሚስት ግን በስም አይገናኙም፤ የሚገናኙት በታሪኩ ነውና ዝምድናቸውን በቀስት ያገናኙ። ቦታ ሲቀየርም ከሰውዬው ስም ጎን አሁን ያለበትን ይጻፉ፤ አንድ ምዕራፍ ጎጃም ጀምሮ ቀጣዩ አዲስ አበባ ሲሆን ማን ከማን ጋር እንደተሻገረ ወዲያው ይለያሉ።

6. የመጀመሪያዎቹን ገጾች ድምፅ አውጥተው ያንብቡ

ከአምስት እስከ አሥር ገጽ ይበቃል። በመነሻው ላይ ሁሉም ነገር አዲስ ነው፤ ስሙ፣ አገሩ፣ ጊዜው፣ የተራኪው አነጋገር። ድምፅ ሲወጣ ዓይን መዝለል አይችልም፤ ጆሮም የተራኪውን ዜማ ይለምዳል። ከዚያ በኋላ በልብ ሲያነቡ ያው ዜማ ይከተልዎታል። ሰው ባለበት ቦታ ከንፈር ማንቀሳቀስ ብቻም ይሠራል።

7. በየምዕራፉ መግቢያ አንድ ጥያቄ ይያዙ

የምዕራፉን የመጀመሪያ ገጽ እንደጨረሱ ቆም ይበሉና ይጠይቁ፦ እዚህ ያለው ሰው ምን ይፈልጋል? ማን ወይም ምን ይከለክለዋል? መልሱን ይገምቱ። ግምቱ ቢሳሳት ምንም አይደለም፤ ሥራው እርስዎን ጠባቂ ማድረግ ነው። ልጅቷ ደብዳቤውን ታቃጥላለች ብሎ የገመተ አንባቢ ደብዳቤው በተጠቀሰ ቁጥር ይነቃል። ያልገመተ አንባቢ ደብዳቤውን ከጠረጴዛና ከወንበር ለይቶ አያየውም።

የመልክዓ ምድርና የድግስ መግለጫ ሲረዝም ብዙዎች የሚሸሹት እዚህ ላይ ነው። በመግለጫው ውስጥ ጥያቄውን ይቀይሩ፦ ይህን ሁሉ የሚያየው ማን ነው? ምን ይሰማዋል? ቦታው ሰውየውን ሲያስፈራው ወይም ሲያጓጓው ያያሉ፤ ያኔ መግለጫው የታሪኩ አካል ይሆናል።

8. ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ከግሱ ይያዙት

በአማርኛ ዋናው ግስ መጨረሻ ላይ ነው፤ አድራጊው ብዙ ጊዜ በስም አይጠራም፣ በግሱ ውስጥ ተሰውሮ ይመጣል። ይህን ይመልከቱ፦ «ከገበያ ሲመለስ ያገኛትን የጓደኛውን እኅት ቤቷ ድረስ ሸኝቶ፣ ለእናቷ ሰላምታ አቅርቦ፣ እየመሸ መሆኑን እያወቀ ጥቂት ከቆየ በኋላ በሌላ መንገድ ተመለሰ።» መካከሉ ላይ ልብዎ ከሄደ «ተመለሰ» ያለ ባለቤት ይደርስዎታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከሦስት መስመር የሚረዝም ዓረፍተ ነገር ሲያዩ ዓይንዎን አስቀድመው ወደ አራት ነጥቡ ይላኩና ግሱን ይዩ፤ ከዚያ ከመነሻው ያንብቡ። መድረሻውን ስለሚያውቁ መካከሉ አይበተንም። ከመስመሩ በታች ወረቀቱን እያንሸራተቱ ማንበብም ዓይን መስመር እንዳይስት ይረዳል።

ንግግር ሲበዛ ደግሞ «አለ»፣ «አለች»፣ «አሉ» የሚሉትን ተከትለው ይሂዱ። «አሉ» ሲያጋጥምዎ ብዙ ሰዎች ናቸው ወይስ አንድ የሚከበር ሰው? ይህን ሳይለዩ አይለፉ፤ ከዚያ በታች ያለው ምልልስ ሁሉ የተሳሳተ ሰው አፍ ውስጥ ይገባል። ዓረፍተ ነገሩ እምቢ ካለዎት አንዱን ቃል አጥብቀው ወይም አላልተው ይሞክሩት። «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ነው፤ ጽሕፈቱ ግን ልዩነቱን አያሳይም።

9. ልብዎ መሄዱን ሲያውቁ የተበጠሰበትን ቦታ ይፈልጉ

ይህ የመመሪያው ዋና ደረጃ ነው። ሐሳብ የማይሄድበት አንባቢ የለም፤ አንዱን አንባቢ ከሌላው የሚለየው ሲመለስ የሚያደርገው ነገር ነው። ፈታይ ክሯ ሲበጠስ ከተበጠሰበት ትቀጥላለች፣ እንዝርቱን ሁሉ አትፈታም። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ፦

ሀ. ዓይንዎን ከገጹ ያንሡ። ወደ ኋላ ለመሮጥ አይቸኩሉ።
ለ. በመጨረሻ በግልጽ ያዩት ነገር ምን እንደነበር ያስታውሱ፤ በሩን የከፈተው ሰው፣ የፈሰሰው ቡና፣ የተነገረው ቃል።
ሐ. ያንን ቦታ በገጹ ላይ ይፈልጉና ከአንቀጹ መጀመሪያ ይነሡ።
መ. በኅዳጉ ላይ በእርሳስ አንዲት ነጥብ ያድርጉ፤ በውሰት መጽሐፍ ከሆነ የወረቀት ቁራጭ ያስገቡ።

ወደ ምዕራፉ መጀመሪያ መመለስ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። የሚያውቁትን ደግመው ሲያነቡ ልብዎ ቶሎ ይሰለችና፣ አስቀድሞ ወደጠፋበት ቦታ ሲደርስ እንደገና ይሄዳል።

ነጥቦቹ የሚነግርዎትን ያዳምጡ። በአንድ ገጽ ሦስት ነጥብ ካለ ደክመዋል፤ ይነሡ፣ ውኃ ይጠጡ፣ ቀጣዩን ገጽ ድምፅ አውጥተው ይሞክሩ፤ አሁንም ካልሆነ ለዛሬ ይብቃ። ነጥቦቹ የሚበዙት ሁልጊዜ አንድ ገጸ ባሕርይ ሲገባ ከሆነ ያ ሰው ማን እንደሆነ አልያዙትም፤ ወደ ደረጃ 5 ይመለሱ። የሚበዙት በረጅም ዓረፍተ ነገር ላይ ከሆነ ደረጃ 8 ነው የሚያስፈልግዎት።

10. የሚመጣውን ጉዳይ ወረቀት ላይ ያሳርፉት

«የመብራት ሂሳብ አልከፈልኩም» የሚል ሐሳብ ሲመጣ በዕልባቱ ጀርባ በሁለት ቃል ይጻፉትና ይመለሱ። እንዳይረሳ የሚሰጋ ጉዳይ ተመላልሶ ይመጣል፤ ሲጻፍ ግን ሥጋቱ ይቀንሳል። ንባቡ ሲያበቃ ወረቀቱን አንሥተው የተጻፈውን ይፈጽሙ፤ ካልፈጸሙት በሚቀጥለው ጊዜ መጻፉም አያሳርፍዎትም።

11. ነገር ሳይቋጭ ያቁሙ

ሰዓቱ ሲደርስ የምዕራፉን መጨረሻ ለማግኘት አይታገሉ። አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ ጥያቄው ሳይመለስ ያቁሙ። ያልተቋጨ ነገር በልብ ይቆያል፤ ነገ ለመጀመር ጉልበት አይጠይቅም። ከዚያ በዕልባቱ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ «አቶ እከሌ ልጁ መጥፋቱን ገና አልሰማም።» የነገው ደረጃ 4 ተሠራ ማለት ነው።

በስልክ ለሚያነቡ

አማርኛ መጻሕፍት በብዛት የሚዞሩት ፎቶ በተነሣ ገጽ፣ በፒዲኤፍ ነው። ፊደሉ ስለሚያንስ ገጹን ማስፋት፣ ከዚያ ግራና ቀኝ መጎተት ይመጣል፤ በየመስመሩ መጎተት ደግሞ በየመስመሩ ክሩን ይበጥሳል። ስልኩን በአግድም ይያዙ፤ የገጹ ስፋት ከስክሪኑ ጋር እኩል ይሆናል፣ መንቀሳቀስም ወደ ታች ብቻ ይሆናል። ፋይሉን አስቀድመው ያውርዱ፣ በቴሌግራም ውስጥ ሳይሆን በማንበቢያ መተግበሪያ ይክፈቱት፣ ኢንተርኔቱንም ይዝጉ። ታብሌት ካለ ከስልክ ይሻላል፤ ሙሉ ገጽ በአንድ ጊዜ ይታያል።

ትረካ ለሚያዳምጡም አንድ ነገር ልበል። እጅ የሚይዝ ቀላል ሥራ፣ ለምሳሌ ልብስ ማጠፍ ወይም ምስር መልቀም፣ ከማዳመጥ ጋር ይስማማል። መልእክት መጻፍና ሒሳብ መሥራት አይስማሙም፤ ሁለቱም ቃልና ቁጥር ስለሚጠይቁ ከትረካው ጋር ይሻማሉ። ልብዎ ከሄደ ግማሽ ደቂቃ ወደ ኋላ ይመልሱ። ፊደል ማንበብ የሚያደክማቸው ሰዎች መጽሐፉን ከፍተው ትረካውን ቢከተሉ ዓይንና ጆሮ ይደጋገፋሉ።

የተለመዱ ስሕተቶች

• እያንዳንዱን የማይታወቅ ቃል በመዝገበ ቃላት መፈለግ። ቃሉን ያክብቡና ይለፉ፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲያጋጥምዎ ወይም ዓረፍተ ነገሩን ሙሉ በሙሉ ሲዘጋው ይፈልጉት።
• ለፈተና እንደሚደረገው ሁሉንም መስመር ማስመር። እጁ ሲሠራ ልብ ያርፋል። ነጥብና ማክበብ ይበቃሉ።
• ሦስት ልብ ወለዶችን አብሮ መጀመር። ሰዎቹ ይደባለቃሉ። አንድ ልብ ወለድና አንድ ሌላ ዓይነት መጽሐፍ አብረው ይሄዳሉ።
• አልጋ ላይ ተኝቶ ብቻ ማንበብ። ሰውነት አልጋን ለእንቅልፍ ለምዶታል። ቀን ተቀምጠው ያንብቡ፤ የማታውን ትርፍ ያድርጉት።
• የማይስማማን መጽሐፍ በእልኽ መያዝ። ደረጃዎቹን ሁሉ ሠርተው 50 ገጽ ካለፉ በኋላም ሰዎቹ ግድ ካልሰጡዎት ይመልሱት። እኛ ጋ ያለ ጥያቄ እንቀበላለን።

ማስጠንቀቂያ

በሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥ ማንበብ ብዙዎችን ያቅለሸልሻል፤ ዓይን የማይንቀሳቀስ ገጽ ሲያይ የውስጥ ጆሮ ግን መንቀሳቀስን ስለሚያሳውቅ ነው። ከጀመረዎት መጽሐፉን ዘግተው ሩቅ ይመልከቱ። በአውቶቡስ ረጅም መንገድ ትረካ ይሻላል።

በየ20 ደቂቃው ዓይንዎን ከገጹ አንሥተው ለ20 ሰከንድ ያህል 6 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የራቀ ነገር ይመልከቱ፤ በተለይ በስክሪን ሲያነቡ። በቅርብ የሚያተኩረው የዓይን ጡንቻ ያርፋል። ፊደሎቹ የሚደበዝዙ ወይም ሁለት ሆነው የሚታዩ ከሆነ፣ ወይም ከአጭር ንባብ በኋላ ራስዎን የሚያምዎት ከሆነ፣ ችግሩ ከትኩረት ላይሆን ይችላልና ዓይንዎን ያስመርምሩ። ከ40 ዓመት በኋላ በቅርብ ማየት እየከበደ መሄዱ የተለመደ ነው፤ ብዙዎች «ትኩረቴ ጠፋ» የሚሉት መነጽር ሲያስፈልጋቸው ነው።

እንቅልፍ ላጣ፣ ሐዘን ላይ ላለ ወይም በብርቱ ጭንቀት ውስጥ ለሆነ ሰው ልብ አለመሰብሰቡ የሚጠበቅ ነው፤ ጊዜውን ወደ 5 ደቂቃ ያውርዱት፣ ቀድሞ የሚያውቁትን ታሪክ ይምረጡ። ትኩረት የሚጠፋው በንባብ ብቻ ሳይሆን በሥራም፣ በጨዋታም፣ መንገድ በማቋረጥም ጭምር ከሆነና ለሳምንታት ከቆየ ሐኪም ያማክሩ።

የውሰት መጽሐፍ ሲመልሱ ቁራጭ ወረቀቶቹን ያውጡ፣ የሰዎቹን ዝርዝር ግን አይጣሉት። የመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ካለ፣ ወይም ከዓመት በኋላ ደግመው ሊያነቡት ከፈለጉ፣ ዝርዝሩ እንደገና ይሠራል።